ቆስጣም ይተነፍሳል፦ ፎቶሲንተሲስንና ሬስፒሬሽንን በኩሽና ጠረጴዛ ላይ የማየት ዝርዝር መመሪያ

አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጆች አስጠናለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪን ስለ ፎቶሲንተሲስ ብትጠይቁት ቀመሩን ያንበለብለዋል። ስድስት ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ ስድስት ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃን... አንድም አይስትም። "ታዲያ ተክሉ ሌሊት በምን ጉልበት ያድራል?" ስትሉት ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አንዷ ተማሪዬ ግን መልስ አላጣችም። "ጋሼ፣ እኛ ሬስፒሬሽን እንሠራለን፣ እነሱ ፎቶሲንተሲስ ይሠራሉ፤ ሥራ ተከፋፍለናል" አለችኝ። አባባሏ ደስ ይላል። ግን ስህተት ነው። ስህተቱም የእሷ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያስቡት። ተክል ሁለቱንም ይሠራል። በብርሃን ስኳር ያዘጋጃል፤ ይህ ፎቶሲንተሲስ ነው። ያዘጋጀውን ስኳር ደግሞ እንደኛው በኦክስጅን እየፈጨ ጉልበት ያወጣበታል፤ ይህ ሬስፒሬሽን ነው። ይኼኛውን ሥራ ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም።

ይህን ከመንገር ማሳየት ይቀላል። ከዚህ በታች ያሉትን አራት ሙከራዎች ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ ሠርቻቸዋለሁ። ላብራቶሪ አይጠይቁም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፀሐይ የሚገባበት መስኮትና አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ለሁለተኛው ሙከራ ብቻ ቦሎቄ ቀደም ብሎ ይተከላል።

የሚገዛውና ከቤት የሚገኘው

ከጉሊት አንድ እስር ቆስጣ ግዙ። የዕለቱ ይሁን፤ የጠወለገ ቆስጣ ያበሳጫችኋል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 10 ወይም ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ቁስል የሚጠረግበት ቡናማው አዮዲንና አንድ ጠርሙስ አልኮል። ከሱቅ ቤኪንግ ሶዳ፣ ደረቅ እርሾ፣ ስትሮና ፊኛ። ከህንጻ መሣሪያ ሱቅ ጥቂት የኖራ ዱቄት። ግማሽ ኪሎ ገብስ ወይም ባቄላ። ፔርሙዝ ሁለት፤ አንዱን ከጎረቤት መዋስ ይቻላል። ላርጎ፣ በረኪና፣ ጥጥና ባዶ ሃይላንድ ከቤት አይጠፋም።

ሁለት ነገር ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ስላለበት ውሃ ሲነካው በራሱ ጊዜ ይንተከተካል። እኔ መጀመሪያ ላይ በዚህ ተሸውጄ ቅጠሉ የሰጠው አረፋ መስሎኝ ልጆቹን እንኳን ደስ አላችሁ ብያቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ ለፔርሙዙ ሙከራ የትኩሳት መለኪያ አይሆንም። እሱ ከ32 ወይም ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። የምትፈልጉት የክፍል ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ነው። መርካቶ የላብራቶሪ ዕቃ ወይም የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል።

ከሙከራው በፊት አንድ ጥያቄ

ከእንጦጦ በኩል የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ጀርባቸውን ያጎበጠው ያ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ? ተማሪዎቼ ሁሌ "ከአፈር" ይላሉ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራሰልስ ተወላጅ ይህንኑ መዘነው። 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር በትልቅ ዕቃ አድርጎ ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 77 ኪሎ ደረሰ። አፈሩ የጎደለው ግን 57 ግራም አካባቢ ብቻ ነበር። እሱ "ስለዚህ ዛፉ ከውሃ ተሠራ" ብሎ ደመደመ። ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1648 ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ግማሹን አገኘ፣ ግማሹን ሳተ። የደረቅ እንጨት አብዛኛው ክብደት የመጣው በዓይን ከማይታየው አየር ነው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦንዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዛፉ ከዚያች ጥቂት ነገር ላይ እየለቀመ ነው ግንድ የሚሆነው።

ማዳበሪያና አፈር የሚሰጡት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የመሳሰለውን ነው። አስፈላጊ ናቸው፤ ግን ጉልበት የሚገኝባቸው አይደሉም። ለወጥ እንደ ጨው ቁጠሯቸው። ጨው ያጣ ወጥ አይበላም፤ ጨው ብቻውን ግን እራት አይሆንም።

ሙከራ አንድ፦ የሚንሳፈፈውና የሚሰጥመው ቆስጣ

አንድ ሙከራ ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይኼኛውን ምረጡ። ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ በጣም ጥሩ ይሆናል። ክረምት ላይ ደመናው ስለሚያዘገየው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ደማቅ የኤልኢዲ አምፖል አብሩበት።

1. ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ከዚያ 300 ሚሊ ሊትሩ ላይ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ያህል ቤኪንግ ሶዳ አሟሙ። በጣት ቆንጠር እንደማድረግ ነው። ሌላ 300 ሚሊ ሊትር ሶዳ ሳይገባበት አስቀምጡ።

2. ሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሩ። የቅጠሉ ገጽ እንደ ሰም ውሃ ስለማያስጠጋ ነው። አረፋ እስኪሞላ አትበጥብጡት።

3. ከቆስጣው አረንጓዴ ክፍል በስትሮ ወይም በወረቀት መብሻ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ሃያ ቁራጭ አውጡ። ወፍራሙን የመሐል ጅማት አትንኩት።

4. የሲሪንጁን መግፊያ አውጡና አሥሩን ቁራጭ ክተቱ። መግፊያውን መልሱ፤ ቅጠሉን እንዳትጨፈልቁት። ሶዳ ያለበትን ውሃ እስከ ግማሽ ሳቡ። አየሩን ወደ ላይ ገፍታችሁ አስወጡ።

5. ጫፉን በጣት ድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ሳቡት። አሥር ሰከንድ ያዙት። ከቅጠሉ ትንንሽ አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። ልቀቁት። ቁራጮቹ እስኪሰጥሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ።

6. ሶዳ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ገልብጧቸው። ሌሎቹን አሥር ደግሞ ሶዳ በሌለው ውሃ እንዲሁ አድርጉ። ሁለቱንም ብርሃን ላይ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ።

አምስተኛው ላይ ነው ልጆች የሚታገሉት። ጣት አጥብቆ ካልደፈነ አየሩ ይመለሳል። "አልሰጥም አለ" ካላችሁ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ምን እያደረግን ነው? ቅጠል በሴሎቹ መካከል አየር ስላለው ይንሳፈፋል። አየሩን ስበን አወጣነውና ውሃ ገባበት። ሰጠመ። አሁን ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን መሥራት ይጀምራል። ኦክስጅኑ እንደ ትንሽ ፊኛ ከታች አንስቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። በደህና ፀሐይ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ውስጥ የመጀመሪያው ቁራጭ እየተንገዳገደ ይነሳል። እንደ አሳንሰር ነው። ልጆቹ ይጮሃሉ። ሶዳ በሌለው ብርጭቆ ውስጥ ያሉት ግን እዚያው ቁጭ ይላሉ። ሲፈላ ጋዙ ወጥቶበታል፤ ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚሰጣቸው ሶዳም የለም። ብርሃን ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

ብርጭቆው ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆየ ውሃው እየሞቀ የራሱን አረፋ ይለቃል። ሁለተኛው ብርጭቆ የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። በሁለቱም ውስጥ እኩል ከተንሳፈፉ ሥራው የሙቀቱ ነው እንጂ የቅጠሉ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን ያገኘሁት አስቤበት አይደለም። አንድ ምሽት በአምፖል እየሠራን አሥሩም ተንሳፈፉ። ወዲያው መብራት ሄደ። ሻማ ስንፈልግ፣ ሻይ ሲቀርብ፣ ወሬ ሲመጣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መብራቱ ሲመለስ ከአሥሩ ስድስቱ ታች ወርደው አገኘናቸው። "ተበላሹ" አለች ተማሪዬ። አልተበላሹም። ከአምፖሉ ሥር መልሰን አስቀመጥናቸው። እንደገና ተነሱ።

ስለዚህ ሰባተኛው ደረጃ ይህ ነው። ሁሉም ሲንሳፈፉ ብርጭቆውን በጥቁር ፌስታል ወይም በካርቶን ሸፍኑት። በየአሥር ደቂቃው ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ አንድ ሁለት እያሉ ይወርዳሉ። ኦክስጅኑ የት ሄደ? ቅጠሉ ራሱ ተጠቀመበት። ጨለማ ውስጥ ፎቶሲንተሲሱ ቆመ፣ ሬስፒሬሽኑ ግን ቀጠለ። ያ ትንሽ ፊኛ ከውስጥ ተበላና ቅጠሉ ሰጠመ።

ቀን ላይም ሬስፒሬሽኑ አልቆመም ነበር። ፎቶሲንተሲሱ በልጦት ነው ያልታየው። ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ወጪ ያለ አይመስልም። ጠዋት ሲነጋና ማታ ሲመሽ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ሰዓት አለ። ያኔ ቅጠሉ በድምሩ ኦክስጅን አይሰጥም፣ አይወስድምም።

ኢንገንሃውስ የሚባል ኔዘርላንዳዊ ሐኪም ይህን በ1779 አሳትሞታል። ቅጠል ውሃ ውስጥ አስገብቶ አረፋው ብርሃን ላይ እንደሚወጣ፣ ጨለማ ላይ እንደሚቆም አየ። አረንጓዴ ያልሆነው ክፍል፣ ማለትም ሥሩና አበባው፣ ቀንም ቢሆን አየሩን "እንደሚያበላሽ" ለይቶ ጻፈ። ከእሱ በፊት ፕሪስትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1771 ተክል ሻማ ያበላሸውን አየር መልሶ እንደሚያድስ አሳይቶ ነበር። ብርሃኑ ግን አልታየውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሌሊት ኦክስጅን ይሻማል ተብሎ አበባ ከመኝታ ቤት ሲወጣ አያለሁ። አንድ ማሰሮ አበባ ሌሊቱን የሚወስደው ኦክስጅን አጠገባችሁ የተኛው ሰው ከሚወስደው እጅግ ያንሳል። አበባውን አውጥቶ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ግን ሰው ይገድላል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም የለውም። ማውጣት ካለባችሁ ምድጃውን አውጡ።

ሙከራ ሁለት፦ ስኳሩ የት ተቀመጠ?

ኦክስጅኑን አየን። ቅጠሉ ግን ኦክስጅን ለመስጠት ብሎ አይሠራም። ለእሱ ኦክስጅን ተረፈ ምርት ነው። የሚፈልገው ስኳሩን ነው። ትርፍ ስኳሩን ስታርች አድርጎ እዚያው ቅጠሉ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቦሎቄ በጣሳ ትከሉ። መስኮታችሁ ላይ ጄራንየም ካለ እሱም ይሆናል። የሽንኩርት ቅጠል አትሞክሩ፤ ስታርች አያከማችም። አንድ ቅጠል መሐሉን በፎይል ቁራጭ ከላይም ከታችም ሸፍኑና ሁለት ቀን ተዉት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ቁረጡት።

ፎይሉን አንሱና ቅጠሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ክተቱ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ መመሪያ አንድ ደቂቃ ካላችሁ እዚህ ጨምሩበት።

ቀጥሎ አረንጓዴው ቀለም መውጣት አለበት። በአልኮል ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ምድጃውን መጀመሪያ አጥፉ። የፈላውን ውሃ ጎድጓዳ ሣህን ላይ ገልብጡ። አልኮሉንና ቅጠሉን በብርጭቆ አድርጋችሁ ብርጭቆውን ሙቁ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። አልኮል እሳት ላይ አይጣድም፤ እንፋሎቱ ይያያዛል። እኔ ወጣት ሳለሁ ቸኩዬ ቡታጋዝ አጠገብ ሠርቼው ቅንድቤ ተለብልቧል። ትልቅ ሰው በሌለበት ልጆች ይህን ሙከራ አይሥሩ።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ አልኮሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይነጣል። ያ አረንጓዴ ክሎሮፊል ነው። ብርሃኑን የሚይዘው እሱ ነው። ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ አረንጓዴውን ስለሚመልስ ነው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን።

ቅጠሉን ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ሣህን ላይ ዘርግታችሁ በውሃ የቀጠነ አዮዲን አንጠባጥቡበት። አዮዲን ስታርች ሲነካ ጥቁር ሰማያዊ ስለሚሆን ፀሐይ ያየው ክፍል ወደዚያ ቀለም ይለወጣል። ፎይል የሸፈነው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የፎይሉ ቅርጽ ቅጠሉ ላይ ታትሞ ይታያል። አንዷ ልጅ ፎይሉን በስሟ የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ ቆርጣው ነበር። ተሳክቶላታል።

ጥሩ ጥያቄ ደግሞ አለ። የተሸፈነው ቦታ ከሁለት ቀን በፊት ስታርች ነበረበት። አሁን የለም። ማን ወሰደው? ተክሉ ሌሊት ስታርቹን ወደ ስኳር መልሶ ከፊሉን እዚያው ጉልበት አደረገው፤ ከፊሉን ወደ ሥርና ወደ ቀንበጥ ላከው። ጠዋት ብርሃን ሲመጣ ጎተራው እንደገና ይሞላል። የተሸፈነው ቦታ ግን የሚሞላለት አጣ።

ቅጠሉ ውስጥ ምን ሆነ?

ፎቶሲንተሲስን የአማርኛው መጽሐፍ ብርሃን አስተፃምሮ ይለዋል። ሥራው ክሎሮፕላስት በሚባሉ የሴሉ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ነው። ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር ብርሃን ውሃን ይሰነጥቃል። ኦክስጅኑ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኦክስጅኑ ከካርቦንዳይኦክሳይዱ የተነጠለ ይመስለዋል። ከውሃው ነው። ሩበንና ካመን የሚባሉ አሜሪካውያን በ1941 ከባድ ኦክስጅን (ከተለመደው የሚከብድ የኦክስጅን ዓይነት) ያለበት ውሃ ተጠቅመው አሳይተዋል። በሁለተኛው ዙር፣ ከመጀመሪያው በተገኘው ጉልበት፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ወደ ስኳር ይሠራል። የዚህን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያወጣው ካልቪን የሚባል አሜሪካዊ በ1961 ኖቤል ተሸልሞበታል።

በነገራችን ላይ ጤፍ በዚህ በኩል ጎበዝ ነው። እንደ በቆሎና እንደ ሸንኮራ አገዳ ካርቦንዳይኦክሳይዱን አስቀድሞ የሚያጠራቅምበት ዘዴ አለው። ሙቀትና ጠንካራ ፀሐይ ላይ ይጠቅመዋል። ስንዴና ገብስ ይህ የላቸውም።

ሙከራ ሦስት፦ ፔርሙዝ ውስጥ የሚሞቀው ገብስ

ሬስፒሬሽን በአማርኛ ትንፈሳ ይባላል፤ ቃሉ ሳንባ ያስታውሳል። ገብስ ሳንባ የለውም። ሬስፒሬሽን ግን አለው፤ ምክንያቱም ሥራው የሳንባ ሳይሆን የሴል ነው። እኛም ብንሆን ሳንባችን አመላላሽ ነው። ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ስኳሩ የሚፈጨው በየሴሉ ነው።

ገብሱን አንድ ቀን ዘፍዝፉ። ውሃውን አጥልሉና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫፉ ብቅ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን አሥር ደቂቃ ቀቅሉና ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት። ሁለቱንም በጣም በቀጠነ በረኪና አለቅልቃችሁ በውሃ እጠቡ። ይህን አትዝለሉት። የተቀቀለው እህል በሁለት ቀን ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታም ሬስፒሬሽን ስላለው ያሞቀዋል። ያኔ የሞተው ገብስ የተነፈሰ ይመስላችኋል።

ሁለቱን ፔርሙዝ ግማሽ ድረስ ሙሉ። ቴርሞሜትሩን አስገብታችሁ አፉን በጥጥ ድፈኑ። ክዳኑን አትጠርቅሙት፤ አየር ያስፈልገዋል። ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ጻፉ።

የበቀለው ብዙ ዲግሪ ይጨምራል። የተቀቀለው ከክፍሉ ሙቀት ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። ብቅል ያበቀሉ እናቶች ይህን ያውቁታል። እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ሰደድ አድርገው ሙቀቱን ይለካሉ። ያ ሙቀት ባለፈው ዓመት ማሳው ላይ የወረደ ፀሐይ ነው። ገብሱ በስታርች መልክ አስቀምጦት ነበር። አሁን ጨለማ ውስጥ፣ አንድም አረንጓዴ ቅጠል ሳይኖረው፣ እሱን እየፈጨ ይበቅላል።

ሙከራ አራት፦ እርሾና የኖራ ውሃ

መጀመሪያ የኖራ ውሃ አዘጋጁ። ጓንት አድርጉ። ዓይናችሁን ጠብቁ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የኖራ ዱቄት ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ሲጨመር የሚሞቅ ዓይነት ኖራ ስላለ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ። በጥብጡና ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ጠርቶ የቆመውን ብቻ ቅዱ።

ትንሽ በብርጭቆ አድርጋችሁ በስትሮ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱበት። እፍ በሉ እንጂ አትሳቡ፤ ኖራ አፍና ጉሮሮ ይጎዳል። ወዲያው እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ የሚያደፈርሰው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። የምናስወጣው ትንፋሽ ውስጥ ካርቦንዳይኦክሳይድ ወደ 4 በመቶ ይደርሳል። ከምናስገባው አየር መቶ እጥፍ ገደማ ነው። በኖራ የተቀባ ግድግዳም የሚጠነክረው ከአየሩ ይኸንኑ ጋዝ እየወሰደ ነው።

አሁን እርሾው። ሃይላንድ ውስጥ አንድ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ማንኪያ ስኳርና ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። እጅ የማያቃጥል ይሁን። አፉ ላይ ፊኛ ግጠሙ። ሌላ ሃይላንድ ላይ ስኳር የሌለበት አዘጋጁ። በግማሽ ሰዓት የመጀመሪያው ፊኛ ይቆማል። ሁለተኛው ተጨማዶ ይቀራል። የፊኛውን ጋዝ በስትሮ ወደ ኖራ ውሃ ልቀቁት፤ ይደፈርሳል። የእንጀራ ዓይንም የዚሁ ጋዝ ሥራ ነው።

እርሾው መጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከዚያ ያለ ኦክስጅን መኖር ይጀምራል። ስኳሩን ግማሽ መንገድ ብቻ ሰብሮ አልኮል አድርጎ ይተወዋል። ጠላና ጠጅ የሚያሰክሩት በዚህ ነው። ለእርሾው ግን ኪሳራ ነው። ኪሳራውን ለማስረዳት ታክሲ ልግባ።

ሁለት መቶ ብርና ዝርዝር

ሚኒባስ ውስጥ ሁለት መቶ ብር ብታወጡ ረዳቱ ፊቱን ያጠቁረዋል። ገንዘቡ ገንዘብ ነው፤ ግን አይሠራም። ዝርዝር ያስፈልጋል። ግሉኮስ ሁለት መቶ ብሩ ነው። ሴል በቀጥታ ሊከፍልበት አይችልም። የሚከፍልበት ዝርዝር ኤቲፒ ይባላል። ሬስፒሬሽን ማለት መዘርዘር ነው።

ኦክስጅን ካለ አንድ ግሉኮስ ወደ 30 ኤቲፒ ይዘረዘራል። ከሌለ ሁለት ብቻ። ሁለት መቶ ብር ሰጥቶ ጥቂት ብር እንደመቀበል ነው። ቀሪው ጉልበት አልኮሉ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ለዚህ ነው አልኮል እሳት የሚይዘው።

ዝርዝሩ የሚወጣው በሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ ግሉኮሱ ከማይቶኮንድሪያ (ጉልበት ከሚወጣባቸው የሴሉ ጥቃቅን ክፍሎች) ውጪ ለሁለት ይሰበራል። ይህ ኦክስጅን አይጠይቅም፤ ትርፉም እነዚያ ሁለቱ ኤቲፒዎች ናቸው። ቀጥሎ ስባሪዎቹ ማይቶኮንድሪያ ገብተው ክሬብስ ዑደት በሚባለው ሂደት ይበታተናሉ። የምንተነፍሰው ካርቦንዳይኦክሳይድ ከዚህ ነው የሚመጣው። ብዙው ኤቲፒ የሚገኘው በመጨረሻው ላይ ነው። ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ተቀባይ ወደ ሌላው እየወረዱ በመጨረሻ ኦክስጅን ይቀበላቸዋል፤ ውሃ ይሆናል። ኦክስጅን ከሌለ ተራው ይቆማል፤ ተርሚናል ላይ ታክሲ ሲጠፋ ሰልፉ እንደሚቆመው። ተክሎችም ማይቶኮንድሪያ አላቸው። የቆስጣው ቁራጭ የሰጠመው በእሱ ነው።

ሚኒባስ ለመያዝ ስትሮጡ ጡንቻችሁ ኦክስጅን ሲያጥረው እሱም እንደ እርሾው ያለ ኦክስጅን ወደሚሠራው አቋራጭ ይሄዳል። አልኮል ግን አይሠራም፤ ላክቲክ አሲድ ነው የሚሠራው። በነጋታው እግር የሚያመው ግን በእሱ አይደለም። ላክቲኩ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠራል።

ከስኳሩ ጉልበት ከግማሽ በላዩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ገብሱ የሞቀው ለዚህ ነው። እኛም እንዲሁ። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው በአማካይ እንደ አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ያመነጫል። በአንድ ጊዜ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ኤቲፒ ከአንድ ኪሎ በጣም ያነሰ ነው። በቀን ውስጥ ግን እየተሠራና እየተበተነ የሚዞረው የራሳችንን ክብደት ያህል ይሆናል። ኪስ ውስጥ ብዙ ዝርዝር የለም፤ ዝውውሩ ነው የሚፈጥነው።

ደረጃውን አስሉት

የመጨረሻው ሥራ በወረቀት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይወጣል እንበል። ከፍታው 12 ሜትር። 60 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ12፣ ወደ 7,000 ጁል ይመጣል። ጡንቻ ከበላው ጉልበት ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ በአራት አባዙት፤ 28,000 ጁል። አንድ ግራም ስኳር 16,000 ጁል ገደማ አለው። ውጤቱ ከሁለት ግራም ያንሳል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም።

ተማሪዬ ይህን አስልታ ስታበቃ ሻይዋ ውስጥ የገባውን ሦስት ማንኪያ ስኳር አየችና "ጋሼ፣ ይኼ ስንት ፎቅ ነው?" አለችኝ። አስሏት።

ስታጸዱ የኖራውን ውሃ ልጅ የማይደርስበት ቦታ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ድፉት። በረኪና የነካው ገብስ አይበላም፤ የበቀለውን ጣሳ ላይ ዝሩት፣ የተቀቀለውን ጣሉት። ከእስሩ የተረፈው ቆስጣ ግን ምንም አልሆነም። በድንችና በካሮት አድርጋችሁ ለምሳ አቅርቡት። ማታ የምትሠሩት ከሆነ ፍጠኑ፤ ፌስታል ውስጥ ተቀምጦም ስኳሩን እየበላ ነው።